ሰኞ የቀረውን ሰልጣኝ ሰኞውኑ ፈልጉት፦ በጎጃም ኮሌጆች ሰልጣኝ አስጨርሶ ለሥራ የማብቃት ዝርዝር መመሪያ

ዓርብ ከሰዓት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ብትቆሙ ታዩዋቸዋላችሁ። ባዶ ባልዲና የታጠፈ ማዳበሪያ የያዙ ወጣቶች ናቸው። ወደ ሉማሜ፣ ወደ አማኑኤል፣ ወደ ደጀን፣ ወደ ቢቸና የሚሄድ መኪና ይጠብቃሉ። ስንቅ ሊያመጡ ነው። እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት ባልዲው እንጀራ፣ ማዳበሪያው ሽሮና ድርቆሽ ይዞ ይመለሳል።

አንዳንዱ ግን ሰኞ አይመጣም። ማክሰኞ ይመጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ይሆናል። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ይጠፋል። በመጨረሻ መዝገብ ላይ ስሙ ብቻ ይቀራል።

በጎጃም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሰልጣኝም የሙያ አማካሪም ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። «ሰልጣኝ ለምን ያቋርጣል?» ሲባል ስብሰባ ላይ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ፍላጎት የለውም»። ፍላጎት የሌለውም አለ። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ግን ቁጭ ብለው ወስነው የተዉ አይደሉም። በባልዲው፣ በኪራዩ፣ በአጨዳው ሰበብ ቀስ በቀስ ተንሸራተው ነው የወጡት። የሚንሸራተት ሰው ደግሞ ቶሎ ከደረሱበት ይያዛል። ይህ መመሪያ ለዲኖች፣ ለዲፓርትመንት ኃላፊዎችና ለአሰልጣኞች ነው። ሁሉንም በአንድ ዓመት አትጀምሩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ብቻ ብትይዙም ለውጡን ታዩታላችሁ።

1. በመቶኛ ሳይሆን በስም ቁጠሩ

ሪፖርታችን «ቅበላ ይህን ያህል፣ ምሩቅ ይህን ያህል» ብሎ ያልፋል። ከእሱ ምንም አይገኝም። ይልቅ ሬጅስትራር ሂዱና ባለፈው ዓመት የገባ የአንድ ዲፓርትመንት ስም ዝርዝር አውጡ። አንድ ባች ይበቃል። ለእያንዳንዱ ስም አራት ጥያቄ ጠይቁ። መጨረሻ የታየው መቼ ነው? ሥልጠናውን ጨርሷል? ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ ተመዝኖ አልፏል? አሁን ምን እየሠራ ነው?

መጨረስ፣ ምዘና ማለፍና ሥራ መያዝ ሦስት የተለያዩ በሮች ናቸው። እንበል 30 ገብተው 26 ጨረሱ፣ ከ26ቱ ግን ምዘና ያለፉት 10 ብቻ ናቸው። የእናንተ ችግር ማቋረጥ አይደለም፤ ወርክሾፑ ውስጥ ነው። 30 ገብተው 14 ብቻ ከጨረሱና 14ቱም ካለፉ ደግሞ ሥልጠናው ጥሩ ነው፣ የሚያፈሰው ሌላ ቦታ ነው። የትኛው በር እንደጠበበ ሳታውቁ ገንዘብ አታውጡ።

ለአዲስ ገቢዎች በምዝገባው ዕለት አንድ ደብተር ክፈቱ። የሰልጣኙ ስልክ፣ ቀበሌው ውስጥ ያለ የአንድ ዘመድ ስልክ፣ ከቤተሰብ ነው ወይስ በኪራይ የሚኖረው፣ ከማን ጋር ነው የሚኖረው፣ ስንቅ የሚልክለት ማነው። የዘመዱን ስልክ አትርሱ፤ የሰልጣኙ ስልክ ካርድ ሲያልቅበትም፣ ሲሸጥም ይጠፋል። ኤክሴል ያለው በኤክሴል ይሥራ። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ግን ደብተር ያሸንፋል።

ከዚያ ለአቋረጡት ደውሉ። «ለምን ተውከው?» አትበሉ፤ ሰበብ ነው የምትሰሙት። «የመጨረሻዋ ሳምንት እንዴት ነበረች?» በሉ። ያኔ የታመመች እናት፣ የጨመረ ኪራይ፣ የተሰረቀ ስልክ፣ ያልከፈለ የቀን ሥራ አሠሪ ይወጣል።

2. የሰኞ ደንብ

ይህን ደንብ የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ኅዳር ላይ የብረታ ብረት ሰልጣኝ ሦስት ሳምንት ቀረብኝ። የኮሌጁ ደንብ ግልጽ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ «አቋረጠ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሬጅስትራርም ሰረዘው። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ልጁ መጣ። ታላቅ ወንድሙ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ስለነበር የአባቱን ጤፍ ብቻውን ሲያጭድ ከርሟል። ማጭዱ የቆረጠው ጣቱ ገና አልደረቀም። «ስምህ ተሰርዟል» አልኩት። አልተከራከረኝም። ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ ጓደኞቹ ሲበይዱ ትንሽ አየና ሄደ። ሦስቱን ሳምንት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልደወልኩለትም ነበር።

ደንቡ ይኸው። ሰኞ ምሳ ሰዓት፣ 6 ሰዓት ላይ፣ የየክፍሉ የቀሪ ዝርዝር አንድ ሰው እጅ ይገባል። እስከ 10 ሰዓት ለሁሉም ይደወላል። ያልተገኘው ማክሰኞ በዘመዱ ስልክ ይፈለጋል። ረቡዕም ካልተገኘ በዚያ ቀበሌ ልጅ መልእክት ይላካል። ዓርብ ዲኑ ያልተገኙትን በስም ያውቃል። ከዚህ ሁሉ በፊት ማንም «አቋረጠ» የሚል ቃል አይጽፍም።

የሚደውለው ሰው ምርጫ ወሳኝ ነው። ዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ ያለ ሰው አይደውል። ልጁ የሚወደው አሰልጣኝ ካለ እሱ ይሁን። አነጋገሩም፦ «ሰላም ነህ? ዛሬ አጣንህ፤ ምን ገጠመህ?»

አባት ካነሱት ደግሞ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይለያል። ገበሬ ከኮሌጅ ሲደወልለት ልጄ ታስሯል ወይ ሞቷል ነው የሚለው። ስለዚህ «አያ፣ እንደምን ዋሉ? ከኮሌጅ ነኝ፣ ለክፉ አይደለም» ብላችሁ ጀምሩ። ትንፋሹ ሲወርድ በስልክ ይሰማችኋል። ከዚያ «አጨዳው መቼ ያልቅላችኋል?» በሉ። «ሐሙስ» ካለ «እንግዲያው ዓርብ እንጠብቀዋለን፣ ያመለጠውን ቅዳሜ እናስይዘዋለን» በሉት። ቀን የተቆረጠለት ሰው ይመጣል። «ቶሎ ይምጣ» የተባለ አይመጣም።

የስልክ ካርድ ወጪው ከአሰልጣኙ ኪስ እንዳይወጣ። ይቺ ትንሽ የምትመስል ነገር ናት፤ ደንቡን በሁለት ወር የምትገድለው ግን እሷ ናት።

3. የጊዜ ሰሌዳውን ከማጭዱ ጋር አስታርቁ

ጎጃም ውስጥ ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳ ወራት ናቸው። ሰኔና ሐምሌ እርሻ ነው። ይህን የምታውቁ ሰዎች ኅዳር 20 ላይ የተግባር ፈተና የምታወጡት ለምንድን ነው? ከባዱን ሞጁል ጥቅምት ላይ ጨርሱ ወይ ከጥምቀት በኋላ አድርጉት። በአጨዳ ሳምንታት ቢያመልጥ ቅዳሜ ሊካካስ የሚችለውን አስቀምጡ።

ሰኞን አስተካክሉ። የመጀመሪያው መኪና ከገጠር ደርሶ ልጁ ስንቁን ቤት አስቀምጦ እስኪመጣ 4 ሰዓት ይሆናል። እንግዲያው ሰኞ በ4 ሰዓት ጀምሩ፣ የጎደለውን በሌሎቹ ቀናት ከሰዓት ጨምሩ። ደግሞ ሰኞ የወርክሾፕ ቀን ይሁን። ለንድፈ ሐሳብ ሲል ከእናቱ ቤት ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ወጣት ብዙ አላየሁም። ብየዳ ወይም ሞተር መፍታት ካለ ግን ይነሳል።

4. ሆድና ኪራይ

«ይህ የኮሌጅ ሥራ አይደለም» የሚል አለ። እስቲ ወደ ኒው ዮርክ ልውሰዳችሁ። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በሥሩ ባሉት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች እ.ኤ.አ. በ2007 «አሳፕ» የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ተማሪው የትራንስፖርት ካርድ ያገኛል፣ በመጽሐፍ ይደገፋል፣ ጥቂት ተማሪዎችን ብቻ የሚይዝ አማካሪ ይመደብለታል። በምላሹ ሙሉ ጊዜውን ይማራል። ውጤቱ በጥናት ሲመዘን ፕሮግራሙ ውስጥ የነበሩት በ3 ዓመት ውስጥ 40 በመቶው ጨረሱ፤ ከፕሮግራሙ ውጭ ከነበሩት ተመሳሳይ ተማሪዎች የጨረሱት 22 በመቶው ነበሩ። እዚያም ከሚያስቀሩት አንዱ የመኪና ሳንቲም ነበር ማለት ነው። እኛጋ ባልዲ ነው።

የእነሱ በጀት የለንም። ያለን ሌላ ነው። ኮሌጆቻችን ወንበር፣ በር፣ መስኮት፣ ዴስክ ሠርተው የውስጥ ገቢ ያገኛሉ። ያንን ሥራ የቸገራቸው ሰልጣኞች ቅዳሜ ይሥሩትና ይከፈላቸው። ገንዘብም፣ ልምድም፣ ሰው ፊት የማይዋረዱበት እርዳታም ነው። ግቢ ጥግ ላይ ቆርቆሮ ቤት ካለ ምድጃና ውኃ አስገቡበት፤ ልጆቹ ሽሯቸውን እዚያ ያብስሉ። ለኪራይ ደግሞ አከራዮችን አነጋግሩ። ሦስትና አራት ሆነው የሚኖሩ ልጆች ኮሌጁ የሚያውቃቸው ከሆነ አከራይ በድንገት ዋጋ ለመጨመር ያመነታል።

ሴት ሰልጣኞችን ለብቻ ቁጠሩ። ለእነሱ የሚያስቀረው ምክንያት ስንቅ ብቻ አይደለም። ጨለማ መንገድ አለ፣ በሩ የማይቆለፍ የኪራይ ክፍል አለ፣ ሽንት ቤቱ ውኃ የሌለው ግቢ አለ፣ «ታጭተሻል፣ ነይ» የሚል ደብዳቤ አለ። የማታ ክፍል ካላችሁ ሴቶቹ በስንት ሰዓት ቤት እንደሚገቡ ጠይቁ። ይህን ደግሞ ሴት አሰልጣኝ ትጠይቃቸው፤ ለእኔ ነግረውኝ አያውቁም፣ ለእሷ ግን በመጀመሪያው ቀን ነገሯት።

5. ሙያውን ሳይቀምስ አታስመርጡት

የ12ኛ ክፍል ፈተና አሰጣጥ በተቀየረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2015 ወደ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ከተቀረው ብዙው በእኛ በር ይገባል። ሲገባ «ወደቅሁ» እያለ ነው የሚገባው። ቤተሰቡም እንደዚያው። በዚህ ስሜት ላይ ፎርም ሰጥታችሁ «ሦስት ምርጫ ሙላ» ካላችሁት ጓደኛው የሞላውን ይሞላል።

ሁለት ሳምንት ስጡት። ሁለት ሦስት ቀን ብረታ ብረት፣ ሁለት ሦስት ቀን ኤሌክትሪክ፣ ቀጥሎ ግንባታ፣ ልብስ ስፌት፣ አውቶ። እጁ ይንካው። ከዚያ ይምረጥ። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ደግሞ ከዚያው ዲፓርትመንት ወጥቶ ከተማው ውስጥ የሚሠራ ሰው ጋብዙ። ባለሥልጣን አያስፈልግም። ልብሱ ዘይት የነካው፣ ጋራዥ የተከራየ፣ ስለ ገቢው ሳይዋሽ የሚናገር ሰው ይሁን።

6. የትብብር ሥልጠናውን ከቡና መላላክ አውጡት

በአሠራራችን ከሥልጠናው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ይጠበቃል። የተግባሩ ትልቅ ክፍል ድርጅት ውስጥ ነው፤ የትብብር ሥልጠና የምንለው ይህን ነው። ወረቀቱ ላይ ያምራል። መሬት ላይ ግን ልጁ ጋራዥ ሄዶ ቡና ሲያመጣ፣ ቁልፍ ሲያቀብል ይከርማል። ማብቂያው ላይ ሎግ ቡኩን፣ የየቀኑ ሥራ የሚመዘገብበትን ደብተር፣ በአንድ ቀን ሞልቶ ማኅተም ያስመታል። ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም ፈርመናል።

ለምን ይሆን? አንድ የብረታ ብረት ቤት ባለቤት ጋር ቁጭ ብዬ ጠየቅኩት። ቱቦላሬ እየቆረጠ ነበር፤ ሳያቆም መለሰልኝ። «ልጅህ አንድ ፓኬት ኤሌክትሮድ ያበላሽብኛል። ግራይንደር ዲስኩን ይሰብረዋል። ዓይኑ ላይ ብልጭታ ቢገባ ማን ሊጠየቅ ነው? ዳር ቁም ብለው አይሻለኝም?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ልጁን ብቻ ነበር የምንልክለት።

በሚቀጥለው ዙር እንዲህ አደረግን። ልጁ ሲሄድ ከኮሌጁ ኤሌክትሮድ፣ ዲስክ፣ የብየዳ ማስክና ጓንት ይዞ ሄደ። የቁርጥራጭ ብረት ልምምድ በራሳችን ዕቃ ነው፤ ከባለቤቱ ምንም አይጎድልም። ሁለተኛ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍን። በመጀመሪያው ሳምንት መቁረጥና ማለስለስ ብቻ። በሁለተኛው ላሜራ ላይ ነጥብ ብየዳ። በአራተኛው የመስኮት ፍሬም ከባለሙያ ጋር። በስምንተኛው አንድ ፍሬም ብቻውን። ባለቤቱ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ሦስተኛ፣ አሰልጣኙ በየሳምንቱ ይጎበኛል፤ ሎግ ቡኩን የሚፈርመው የተሠራውን ዕቃ አይቶ ነው።

ቦታ ስትመርጡ ትልቅ ድርጅት ብቻ አትዩ። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የምግብ ዘይት ፋብሪካና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለኤሌክትሪክ፣ ለማሽን ጥገናና ለምግብ ማቀነባበር ሰልጣኝ ጥሩ ናቸው፤ ሥነ ሥርዓትና ካይዘን በተግባር ያሳያሉ። ግን ፋብሪካ ውስጥ ልጁ አንድ ማሽን ጎን ሊቀር ይችላል። ፍኖተ ሰላም ወይም ደምበጫ ያለ ሁለት ሠራተኛ ያለው ጋራዥ ሁሉንም ነገር ያስነካዋል። የቻላችሁ እንደሆነ ከሁለቱም አቅምሱት።

7. ሲኦሲን የመጨረሻ ሳምንት ጉዳይ አታድርጉት

ምዘና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚደረግ «ማጠናከሪያ» ለአሰልጣኙም ለሰልጣኙም ጭንቀት ነው። ይልቅ እያንዳንዱ የብቃት አሃድ ሲያልቅ ትንሽ ምዘና አድርጉ። መዛኙ የራሱ አሰልጣኝ አይሁን፤ ከሌላ ክፍል ወይም ከከተማው ባለሙያ ይምጣ። ልጁ የማያውቀው ሰው ሰዓት ይዞ ሲያየው እጁ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ቀድማችሁ እወቁ። «ገና ብቁ ያልሆነ» ከተባለ የትኛው ተግባር እንደጎደለው ጻፉለትና በወሩ ደግማችሁ መዝኑት።

ሌላው ወጥመድ የስም ጉዳይ ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ «ኃይለማርያም»፣ ፋይዳ መታወቂያው ላይ «ሃይለማሪያም»፣ የኮሌጁ መዝገብ ላይ ደግሞ የአያት ስም የለም። ምዘናው ዕለት ወይም ሥራ ሲቀጠር ነው የሚፈነዳው። በምዝገባው ወር አስተካክሉት። አንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጅ ሥራ ነው።

ማዕከሉ ሌላ ከተማ ከሆነ መኪና በጋራ ያዙላቸው፤ ማደሪያም ቀድማችሁ አነጋግሩ። ለሁለት ዓመት የለፋ ልጅ በ200 ብር ምክንያት ከምዘና ሲቀር አይቻለሁ።

8. ሥራ ፍለጋውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሩት

ሰልጣኙ የሠራውን ሁሉ በስልኩ ፎቶ ያንሳ። የመጀመሪያዋን ጠማማ ብየዳ ጭምር። ከስምንት ወር በኋላ ከመጨረሻው ፍሬም ጎን ያስቀምጣት። ቀጣሪ ከሲቪ ይልቅ ይህን ያያል። ሁለት የምስክር ሰዎች፣ ማለትም አንድ አሰልጣኝና አንድ የድርጅት ባለቤት፣ ስልካቸውን ለመስጠት ፈቃደኛ ይሁኑ።

ዋጋ ማውጣት አስተምሩ። በር ሠርቶ የማያውቀው ነገር ቢኖር የበሩን ዋጋ ነው። የብረቱን፣ የኤሌክትሮዱን፣ የመብራቱን፣ የጉልበቱን እያለ ይደምር። ደንበኛን ቀብድ መጠየቅን፣ በቴሌብር መቀበልን፣ ደብተር መያዝን ይልመድ።

መደራጀትን በተመለከተ የግሌን ልንገራችሁ። አሥር ምሩቃንን በምርቃት ማግሥት ማኅበር ማድረግ ለሪፖርት ጥሩ ነው፤ ከጥል ግን አይተርፍም። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው፣ በትብብር ሥልጠና አብረው የሠሩ፣ አንዱ ሌላውን በገንዘብ የፈተነ ከሆኑ ይጸናሉ። ሌሎቹ አንድ ዓመት ሰው ቤት ተቀጥረው ይሥሩ። ነውር የለውም።

9. መንገድና ኔትወርክ ሲዘጋ

ባለፉት ዓመታት በክልላችን ምን እንደገጠመን ማንም አይነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ቀድሞ መዘጋጀት ነው። ሞጁሉን በወረቀት አባዝታችሁ ለየልጁ ስጡ። ቤት ሆኖ የሚሠራው አንድ ተግባር ይኑረው፤ ጎረቤት ጋ የተሰበረ በር፣ የቆመ የውኃ ፓምፕ አይጠፋም። በእነዚህ ሳምንታት የቀረን ሰው ከሌላ ቀሪ ጋር አትደምሩት፤ ዓምድ ለብቻ ክፈቱለት። ሲመለስ የሚገባበት ቀንና የሚካካስበት ሰሌዳ በጽሑፍ ይጠብቀው።

10. ማን ይሥራው?

ይህን ሁሉ «ሁሉም አሰልጣኝ ይሥራው» ካላችሁ ማንም አይሠራውም። አንድ ሰው ምረጡ፣ የማስተማሪያ ሰዓቱን በግማሽ ቀንሱለት፣ ደብተሩን ስጡት። በወር አንዴ ዲኑ፣ ሬጅስትራሩና የዲፓርትመንት ኃላፊዎች ከእሱ ጋር ይቀመጡ። አጀንዳው አንድ ገጽ ነው፤ በዚህ ወር የጠፉት ሰዎች ስም። ከስም ውጭ ሌላ ነገር አይነበብ።

ምርቃት ካለፈ ስድስት ወር ሲሞላው ያው ሰው ለሁሉም ይደውላል። «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብሎ አይጀምር፤ ሥራ የሌለው ስልኩን ይዘጋበታል። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ዛሬ ጠዋት ምን ስትሠራ ነበር? ሥራ ላይ ስትደርስ ያላስተማርንህ ምን ሆኖ አገኘኸው? ከኛ ጋር ሥራ ላይ የሚለማመድ አንድ ልጅ ትቀበላለህ? የሁለተኛውን መልስ በትልቅ ጽሑፍ ጻፉና ወርክሾፑ በር ላይ፣ አዲስ ገቢዎቹ በሚያዩት ቦታ ለጥፉት።